በሮሴቲ «ፕሮሰርፒን» ሥዕል ላይ ሮማኑ የኃጢአት ምልክት ነውን?

ጥያቄ፦
ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ እ.ኤ.አ. በ1874 በዘይት ቀለም የሣለውንና በለንደኑ ቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የሚገኘውን «ፕሮሰርፒን» ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ሴቲቱ በአንድ እጇ የተገመጠ ሮማን ይዛለች፤ በሌላኛው እጇ ደግሞ ሮማን የያዘውን እጇን አንጓ ላይ ጨብጣዋለች። ፍሬውን እንደ ሔዋን ፍሬ የኃጢአት ምልክት አድርጌ ተረድቼው ነበር፤ ፊቷ ላይ የማየው ግን ጸጸት ሳይሆን ናፍቆት ነው። አተረጓጎሜ ያስኬዳልን? ከጀርባዋ ያለው ሐረግና የዕጣን ማጨሻውስ ምንን ያመለክታሉ?

መልስ 1፦
የሔዋን ንጽጽር እዚህ ላይ የሚያስኬድ አይመስለኝም፤ ፕሮሰርፒን ትእዛዝ ጥሳ አልተቀጣችምና። በሮማውያኑ አፈ ታሪክ የሙታን ዓለም ገዥ የሆነው ፕሉቶ ጠልፎ ይወስዳታል፤ እናቷ ሴሬስ ልጇ እንድትመለስላት ብትማጸንም፣ መመለስ የምትችለው በዚያ ዓለም ሳለች ምንም ካልቀመሰች ብቻ ነበር። የሮማን ፍሬ ቀምሳ በመገኘቷ ከየዓመቱ የተወሰነውን ጊዜ እዚያው እንድታሳልፍ ተወሰነባት። ስለዚህ ሮማኑ በደል ሳይሆን እስራት ነው፤ አንጓዋን የጨበጠው እጅም ለእኔ የሰንሰለት ያህል ይከብዳል።

መልስ 2፦
ስለ ቀሩት ምልክቶች ሠዓሊው ራሱ በደብዳቤ አስረድቷል። ማጨሻው የአምላክነቷ መለያ ሲሆን፣ ሐረጉ ደግሞ ተጣብቆ የማይለቅ ትዝታ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል ብሏል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በስተጀርባዋ ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ነው፤ ከላይኛው ዓለም ለቅጽበት ሾልኮ የገባ ነውና። የጠየቁት ናፍቆት ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

መልስ 3፦
ለሥዕሉ አብነት የሆነችው ጄን ሞሪስ የሠዓሊው ወዳጅ የዊልያም ሞሪስ ሚስት ነበረች፤ ሮሴቲም ይወዳት ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ሥዕሉን የማትፈልገው ትዳር ያሰራት ሴት ታሪክ አድርገው ያነቡታል። ንባቡ መሠረት አለው፤ ሆኖም ሁሉንም ነገር ወደ ሠዓሊው ሕይወት ብንመልሰው አፈ ታሪኩ ራሱ የተሸከመው ሐዘን ይሸፈንብናል ብዬ እሰጋለሁ።

የጠያቂው ምላሽ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ በኋላ ሥዕሉን እንደገና ሳየው፣ የከንፈሯ ቅላትና የተገመጠው ሮማን ውስጡ የሚመሳሰሉ መሆናቸውን አስተዋልኩ፤ በዚያ በደበዘዘ ሥዕል ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ቅላት በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።