የረዳት በጀት ጥያቄያችን፦ ረቂቁን አብረን እናብስለው

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አካል ጉዳተኞች እገዛ ለከተማው አስተዳደር በጋራ የምናስገባውን ሐሳብ እዚህ እንነጋገርበት። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ቢሮዎች ግን ዕቅዳቸውን የሚሠሩት ወራት ቀድመው ነው። ሰኔ ላይ ብንጮህ ሰሚ አናገኝም።

እስከ ዛሬ ስንጠይቅ የኖርነው ዕቃ ነው። ዊልቸር፣ ክራንች፣ ነጭ በትር። ዘንድሮ የሰው እገዛ እንጠይቅ። የሚያለብስ፣ የሚያጥብ፣ ገበያ አብሮ የሚወጣ፣ ደመወዙ ከሕዝብ በጀት የሚከፈል ረዳት። ረዳቱን የሚመርጠውም፣ ሰዓቱን የሚወስነውም አካል ጉዳተኛው ራሱ ይሁን። በሁለት ወረዳ ሙከራ እንጀምር። ምን ትላላችሁ?

የሕጉን ክፍል የያዘው አባል፦
መነሻችን ጠንካራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 19 ላይ ይበልጥ ግልጽ ነው። የትና ከማን ጋር እንደምንኖር የመምረጥ ዕድል ይሰጠናል፤ የግል ረዳትንም ለይቶ ይጠቅሳል። "አቅም በፈቀደ መጠን" የምትለዋን ሐረግ ይዘው እንደሚመጡ ግን ከአሁኑ እንወቅ። ስለዚህ ጥያቄያችን ትንሽ፣ ወጪው የተሰላ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅ ጊዜ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር ስለ አካል ጉዳተኞች መብት መሥራት አይችልም ነበር። ብዙ ማኅበር ዕርዳታ ማደል ላይ ተወስኖ የቀረው ያኔ ነው። አዋጁ በ2011 ተቀይሯል። እኛ ግን ከልማዱ ገና አልወጣንም።

አባል ከኮልፌ፦
እኔ ውሎዬን ልንገራችሁ። ዊልቸር አለኝ። ቤቴም ምድር ላይ ነው። ከዊልቸሩ ወደ መጸዳጃ የምታሻግረኝ የእህቴ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት የምትመለሰው 10 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ውኃ አልጠጣም። ጎረቤት ቡና ስትጠራኝ ጨጓራዬን አሞኛል እላለሁ። ሐኪም ውኃ አብዢ ብሎኛል። እንዴት አድርጌ?

ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። ጓደኞቿ ለጥናት ሲቀሩ እሷ እየሮጠች ነው የምትመጣው። በሩን ከፍታ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ "አክስቴ፣ ቆየሁብሽ?" ትለኛለች። አንጀቴን ትበላዋለች። ረቂቁ ላይ ክብር፣ ክብር ብላችሁ ብቻ አትለፉት። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰዓት የሚያግዘኝ ሰው ባገኝ ውኃ እጠጣለሁ፣ ልጅቷም ታጠናለች። እንደዚህ ብላችሁ ጻፉልኝ።

አባል ከስቶክሆልም፦
እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ እዚህ የግል ረዳት ሆኜ ነው የምሠራው። የስዊድን የግል ረዳት ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እንደ ፈረንጆቹ በ1994 ነው። ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላት ለመሳሰለው መሠረታዊ ነገር በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እገዛ የሚያስፈልገው ሰው ክፍያውን ከመንግሥት ያገኛል። ከፈለገ ራሱ ይቀጥራል፤ ካልፈለገ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ድርጅት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ይመርጣል። እኔን ለሥራው ጠይቃ የቀጠረችኝ የማግዛት ሴትዮ ራሷ ናት።

ግን ጠንቀቅ በሉ። እዚህ ክርክሩ ሁሉ ሰዓት ቆጠራው ላይ ነው። ለመልበስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል እየተባለ ይለካል። ሌላ ሰው መጥቶ ሳይለካባችሁ ሰዓታችሁን ራሳችሁ መዝግቡ።

ሂሳቡን የያዘችው አባል፦
ሁለት ነገር። የመጀመሪያው፣ "የከተማ ሴፍቲኔት አለላችሁ" ይሉናል። ሴፍቲኔት ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ ነው፤ እዚያ ላይ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጠው መሥራት ለማይችል ሰው ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። እኔ ሥራ አለኝ። የሚያለብሰኝ ወንድሜ ካልመጣ ግን ቢሮ አልገባም። የረዳት በጀት ሥራ ያገኘ ሰው የሚነጠቀው መሆን የለበትም። ይሄ በደማቁ ይጻፍ።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የተቆጠርነው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ይላል። በሁለቱ ላይ ስንከራከር ቀኑ ያልፋል። በሁለቱ ወረዳዎች ያሉትን አባሎቻችንን ቤት ለቤት እንመዝግብ።

አንዲት እናት፦
"ራሱ ይምረጥ" ስትሉ የእኔ ልጅ የት ይገባል? 23 ዓመቱ ነው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። መፈረም አይችልም። ማን እንደሚመቸው ግን አሳምሮ ያውቃል። አንዱ የሰፈር ልጅ ሲመጣ ጫማውን ራሱ ያመጣል። ሌላው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይሄም ምርጫ ነው። እባካችሁ እሱን የሚያስወጣ ቃል አታስገቡ።

አስተባባሪ፦
እናቴ፣ ልክ ነዎት። የእኔ ስሕተት ነው። "አካል ጉዳተኛው በፈለገው መንገድ፣ ካስፈለገም በሚያምነው ሰው እየታገዘ ይመርጣል" ብዬ ላስተካክለው። ዘመድ ይቀጠር አይቀጠር የሚለውስ?

አባል ከኮልፌ፦
እናትም እህትም ሥራዋን ትታ ነው የምትጦረን። ይቀጠሩ፣ ውል ግን ይኑር። ልጆች ግን አይቀጠሩ። የእህቴን ልጅ በደመወዝ እንድታስሩብኝ አልፈልግም።

መስማት የተሳነው አባል፦
እስማማለሁ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሰዓትም ይካተት። ሐኪም ቤት እናቴን ይዤ ነው የምገባው። ለእናቴ ልነግራት የማልፈልገውን ለሐኪሙ መናገር አልችልም።

አስተባባሪ፦
ተካቷል። ከዛሬ ጀምሮ ለሰባት ቀን ሁላችንም እንመዝግብ፦ በስንት ሰዓት ምን እገዛ እንዳስፈለገን፣ ማን እንዳገዘን፣ ያገዘን ሰው ምን ትቶ እንደመጣ። መጻፍ የማይመቸው በድምፅ ይላክልኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ 4 ሰዓት እንገናኛለን። ደረጃ የሌለው ክፍል አግኝቻለሁ፤ አስተርጓሚም ይኖራል።

አባል ከኮልፌ፦
ቅዳሜ ልጅቷ ትምህርት የላትም፣ እመጣለሁ። ደብተሩን ዛሬ ጀምሬዋለሁ።