የጥርስ ክሊኒክ ለመክፈት ለምታስቡ፦ ከመንጋጋ ይልቅ ስልኩ ያደክማል

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አገር ቤት የጥርስ ሕክምና ተምሬ ነው የመጣሁት። አሁን እዚህ አሜሪካ ለጥርስ ሐኪሞች ብሔራዊ ፈተና (INBDE) እያጠናሁ ነው። አንድ ቀን በዲሲ አካባቢ የራሴን ክሊኒክ የመክፈት ሐሳብ አለኝ። ውስጡ ያላችሁ ሰዎች፣ የዕለት ተዕለት ሥራው ምን ይመስላል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ሜሪላንድ ውስጥ ክሊኒክ ከከፈትኩ 9ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ ፈተናው ብዙ አልልም። 500 ጥያቄ ነው፣ በሁለት ቀን ይሰጣል፣ ታልፊዋለሽ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ስቴት እዚሁ አገር ትምህርት ቤት ገብተሽ 2 ወይም 3 ዓመት እንድትማሪ ይፈልጋል። ብር የሚበላው እሱ ነው።

ወደ ክሊኒኩ ልምጣ። ጥርስ መሙላቱንም መንቀሉንም እጅ ይለምደዋል። የማይለመደው ስልኩ ነው። በከፈትኩ ሰሞን አንዲት እናት ደወሉና «ማክሰኞ በ3 ሰዓት» ብለን ቀጠሮ ያዝንላቸው። እኛ ከምሳ በኋላ ማለታችን ነበር። እሳቸው ጠዋት በፈረንጅ 9 ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነኝ። ምን ይባላል? ቡና አፍልተን አስቀመጥናቸው። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስንሰጥ «ጠዋት» ወይም «ከምሳ በኋላ» ሳንል ስልክ አንዘጋም፤ በጽሑፍም እንልካለን።

ቀጥሎ ኢንሹራንስ። ወገናችን «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል ሁሉም ነገር የተከፈለ ይመስለዋል። የጥርስ ኢንሹራንስ ግን ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ብቻ ነው የሚሸፍነው። የተለመደው አከፋፈል ደግሞ ለማሳጠብ 100፣ ለማስሞላት 80፣ ለክራውን (ጥርስ ላይ ለሚደፋው ቆብ) 50 በመቶ ነው። አንድ መንጋጋ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ተሠርቶለት ክራውን ከገባለት የዓመቱ ገንዘብ አለቀ ማለት ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ከሩት ካናሉ በላይ ጊዜ ይወስድብኛል። ስለዚህ ምክሬ፦ ውድ ማሽን ከመግዛትሽ በፊት አማርኛም እንግሊዝኛም አቀላጥፋ የምትናገር፣ ኢንሹራንስ የሚገባት ጎበዝ ልጅ ለፊት ዴስኩ ፈልጊ። እሷ ከለቀቀች ክሊኒኩ ይታመማል። እኔ ሁለቴ ደርሶብኛል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። «የአገርሽ ልጅ ነኝ፣ የኔን ድርሻ ተዪው» ይሉሻል። ቅር እንዳይሉ ብለሽ ኮፔዩን እየተውሽ ለኢንሹራንሱ ሙሉውን ክፍያ ከላክሽ ማጭበርበር ነው የሚባለው፤ ፈቃድሽን ታጪያለሽ። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ወጣት የወንድሙን ካርድ ይዞ መጣ። ፊታቸው አንድ ነው፣ ጥርሳቸው ግን አይገናኝም። ኤክስሬዩ ያሳብቃል። እኔ በወር በወር ከፋፍለው እንዲከፍሉ አደርጋለሁ፤ ኢንሹራንስ ለሌለው ደግሞ ዋጋው የተቀነሰ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚከራከረኝ ቀንሷል። ቀንሷል እንጂ አልቆመም።

ሜሪላንድ ከጥር 2023 ጀምሮ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው አዋቂዎችም የጥርስ ሕክምና እንዲያገኙ ካደረገች ወዲህ ብዙ እናቶችና አባቶች ይመጣሉ። የሚከፍለው ከግል ኢንሹራንስ ያንሳል፣ ወረቀቱም ይበዛል። ግን እነሱን መመለስ አልችልም። ለ10 ዓመት በቅርንፉድና በነጭ ሽንኩርት ያስታገሱትን ጥርስ ይዘው ነው የሚመጡት። ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ «ንቀልልኝና ልገላገል» ይላሉ። የሚድን ጥርስ ከሆነ ቁጭ ብዬ እለምናለሁ።

ሐበሻ መሆንሽ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ አንዲት እናት ሌላ ቦታ ሄደው ጥቁሩ ያላማረው ሐኪም ናሙና ይወሰድ ብሏቸው፣ ካንሰር ነው ብለው ሲያለቅሱ ከርመው መጡ። አየት አድርጌ «የት አገር ነው የተነቀሱት?» ስላቸው ሳቁ። ዝዋይና ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ቢሆን ሳይቦርሽ ቀርቶ አይደለም፣ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይዱ ስለሚበዛ ነው። ክራንቻ የጎደለው ልጅ ሲመጣም በሕፃንነቱ ድዱ ተቆርጦ እንደሆነ እናቱን ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ ዶክተር። በጾም ጊዜስ ሰው ይመጣል? አፍ በውሃ መታጠብ አለ እኮ።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ጠዋት ውሃ አፌ አይገባም የሚል ብዙ ነው። ምራቅ መምጠጫው ሁሉንም ይስባል ብትያቸውም አይረኩም፣ አትከራከሪ። ለክርስቲያኑ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ፣ ለሙስሊሙ ከተቻለ ከኢድ በኋላ እይዛለሁ። የሚያምም ካለ ግን ያው ይመጣል። በሰሞነ ሕማማት ወንበሩ ባዶ ስለሚሆን የማሽን ጥገና የማስይዘው ያኔ ነው። የፋሲካ ማግስት ሰኞን ግን ክፍት አድርገሽ ያዢው። 55 ቀን የጾመ ሰው የዶሮ አጥንት ሲቆረጥም ክራውኑን ሰብሮ ይመጣል።