ለሳነቴ የብስክሌት ጉዞ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ
የብስክሌት ማኅበራችን ለባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር የሚያቀርበው ረቂቅ ይህ ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው ኮረኮንች መንገድ፣ በበጋው ወራት በሚመረጡ ጥቂት እሑዶች፣ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ለተሽከርካሪ ዝግ ሆኖ ለብስክሌት እንዲለቀቅ እንጠይቃለን። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከዘገየን ዝናቡ ይቀድመናል። በእኛ በኩል የምንገባቸው ግዴታዎች ሦስት ናቸው፤ ከመንገዱ ወጥቶ የሚነዳ አይኖርም፣ ሁሉም ደማቅ ሰደርያ ይለብሳል፣ እያንዳንዱ ብስክሌት ደወል ይኖረዋል። አስተያየት እስከ ዓርብ ድረስ ይጠናቀቅ።

የመንገድ ጥናት ኃላፊ
መንገዱን የመዝጋት ጥያቄ ካልወጣ ይህ ደብዳቤ ተቀባይነት አያገኝም። መንገዱ በፓርኩ ውስጥ ቢያልፍም ሕዝብ የሚኖርበት መንገድ ነው። የሐረና ቡናና ማር ወደ ገበያ የሚወጣው፣ የሪራ ሕመምተኛ ጎባ የሚደርሰው በዚሁ ነው። ለእኛ ጉዞ ሲባል የሕዝብ መኪና ግማሽ ቀን ይቁም ማለት፣ ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ፣ በአካባቢው ሰው ዘንድ የማኅበሩን ስም ያጠፋል።

ሐሳብ አቅራቢ
በዓለም ላይ ያልታየ ነገር አልጠየቅንም። በአላስካ የሚገኘው የዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ 148 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ መንገድ አለው፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መኪና በዚያ አገር የበጋ ወራት በመደበኛው አሠራር ከመጀመሪያዎቹ 24 ኪሎ ሜትሮች ወዲያ አያልፍም፤ የቀረውን ኮረኮንች የፓርኩ አውቶቡሶች፣ እግረኞችና ብስክሌተኞች ይጋሩታል። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስንወጣ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ኦክስጅን 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሰጠናል፤ በዚህ ላይ አንድ የጭነት መኪና የሚያስነሣው አቧራ ሲጨመር ዳገት የያዘ ሰው ምን እንደሚሆን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መኪና የሌለበት መንገድ የሐሳቡ ልብ ነው፤ እሱ ከወጣ የሚቀር ነገር የለም።

የመንገድ ጥናት ኃላፊ
የዴናሊ መንገድ ካንቲሽና ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ተሻግሮ ገበያ የሚሄድ ሕዝብ የለም። የእኛው ግን ሁለት ወረዳ ያገናኛል። ይልቅ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ወደ 4,377 ሜትር፣ የሚወጣውን ቅርንጫፍ መንገድ ብንጠይቅ ይሻላል። በእሱ ላይ የሚመላለሰው ጎብኚና የቴሌ ማማ ሠራተኛ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ቢዘጋ የሚጎዳ ሰው አይኖርም። ርዝመቱንና የዳገቱን መጠን ለክቼ በዚህ ሳምንት አቀርባለሁ።

አንጋፋ አባል
ስለ መንገዱ ከመነጋገራችን በፊት ደወሉ ይውጣ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ሲሆን ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠው ያለው ባሌ ውስጥ ነው። የሚያድነው በቀን ነው፤ ፍልፈሉ ራሱን ከጉድጓድ እስኪያወጣ ድረስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለ ኮሽታ ያደባል። እኛ በደርዘን የሚቆጠር ደወል እያንቃጨልን በዚያ መካከል እናልፋለን ብለን በጽሑፍ ቃል ልንገባ ነው? አስተዳደሩ ይህን አንቀጽ ያየ ጊዜ የቀረውን አያነብም።

ገንዘብ ያዥ
ደወሎቹ ከመዋጮው እንዲገዙ ባለፈው ስብሰባ ተወስኗል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የሁላችንም ፊርማ አለ። በየሳምንቱ ውሳኔ የሚፈርስ ከሆነ እኔ ገንዘብ ማውጣት አልችልም።

የጥገና ኃላፊ
ደወሉ የተጠየቀው ለቀበሮ ሳይሆን ለእረኛና ለፈረስ ነው። ብስክሌት ከመኪና የሚለየው ሳይሰማ ስለሚደርስ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ከኋላው ድንገት የደረሰበት ፈረስ ጋላቢውን ይጥላል። አንድ ጊዜ መደወል ሰው ያድናል።

አንጋፋ አባል
አንድ ጊዜ አይደውልም። የሳነቴ መንገድ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ የተሸረካከተ ነው፤ መዶሻ ያለው ደወል እዚያ ላይ ጣት ሳይነካው ከጎባ ዳገት እስከ ሪራ መውረጃ ይንጫጫል። ይህን በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

አባል ሀ
ደወሉን ለማስገባት የሚጣደፉ ሰዎች ከሽያጩ የሚያገኙት ጥቅም ካለ በግልጽ ይናገሩ። ዕቃው ከማን መደብር እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን።

የጥገና ኃላፊ
ይህ ነውር ነው። እስከ ዛሬ ለማኅበሩ የተካሁት ፍሬንና ካቴና በሙሉ በገዛሁበት ዋጋ ነው፤ ገንዘብ ያዟ ደረሰኞቹን ይዛለች። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ለጉዞው የጥገና ኃላፊ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ይፈለግ።

ገንዘብ ያዥ
ደረሰኞቹ በእጄ ናቸው፤ አንድ ሳንቲም ትርፍ አልተጨመረባቸውም። አባል ሀ የጻፈውን ያንሣ።

አባል ሀ
አንሥቻለሁ። የደወሉ ነገር ግን አልተፈታም።

አንጋፋ አባል
ወንድሜ፣ እኔ የአንተን እጅ አልጠረጠርኩም፤ ያለ አንተ ወደ ሳነቴ የሚወጣ ቡድን እንዲኖርም አልፈልግም። የምቃወመው ድምፁን ነው።

የጥገና ኃላፊ
ጋሼ እንዲህ ካሉ ልመለስ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ የጣት ወርድ ያላት ቁራጭ ተቆርጣ በመዶሻውና በጉልላቱ መካከል ብትወጠር፣ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ደወሉ ዝም ይላል፤ ነጂው ሲፈልግ በአውራ ጣቱ ወደ ጎን ገፍቷት ይደውላል። ዛሬ በራሴ ብስክሌት ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ስነዳ ምንም አልተሰማም።

አባል ለ
ደወል ሲሰማ የመጀመሪያው የሚመጣው የእረኛ ውሻ ነው፤ ይህን ማንም አላነሣም። ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች የሚተላለፍ ነው። ውሾቹን ከየመንደራቸው ወደ አምባው እየሳብን የምንወጣ ከሆነ ከመኪናው የባሰ ጉዳት እናደርሳለን።

አንጋፋ አባል
ከመጀመሪያውም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የጥገና ኃላፊ
ውሻ የሚያሳድደው የሚሽከረከር ጎማ እንጂ ደወል አይደለም። ውሻ ሲመጣ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ በእግር መሄድ ነው፤ ይህ በግዴታዎቹ ውስጥ ይጨመር።

አባል ለ
እንግዲያው ከመዋጮው ለደወል የተያዘው ገንዘብ ለውሻ ክትባት ድጋፍ ይዛወር። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ አስተዳደሩ ከጎብኚ የሚጠብቀው ጥበቃውን የሚያግዝ ነገር ነው። ደብዳቤያችን ክትባቱን ካስቀደመ ይሰማል።

ገንዘብ ያዥ
መዋጮው የተሰበሰበው ለጉዞ ነው። ለሌላ ዓላማ ለማዋል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል። የደወሉ ግዢ ግን ስምምነት እስኪደረስ ታግዷል።

አባል ሀ
ቀበሮውን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ የመኪና ፍጥነት ነው። አምባው ላይ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሾፌሩ ይለቀዋል። ፍጥነት የሚቀንስ ምልክት በመንገዱ ላይ እንዲተከል ብንጠይቅ ለቀበሮውም፣ ለእረኛውም፣ ለእኛም ይጠቅማል፤ መንገድ ዝጉ ማለትም አያስፈልገንም።

ጸሐፊ
የተሻሻለው ረቂቅ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ በሳነቴ አምባ ላይ የፍጥነት ወሰን ምልክት እንዲተከል እንጠይቃለን፤ ማኅበሩም በጉልበት ያግዛል። ቀጥሎ፣ ለውሾች ክትባት ዘመቻ በጎ ፈቃደኛ እንደምናቀርብ እንገልጻለን። በመጨረሻም አባላት በበጋው ወራት ወደ ቱሉ ዲምቱ በብስክሌት ለመውጣት ፈቃድ እንዲሰጣቸው እንጠይቃለን። የደወሉ አንቀጽ «ድምፁ የታፈነ ደወል» ተብሎ ተስተካክሏል።

ሐሳብ አቅራቢ
መኪና የሌለበት መንገድ የሚለው የት ገባ? እኔ ያቀረብኩት በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አምባ ላይ፣ ጅብራው በግራና በቀኝ ቆሞ፣ ከጎማ በታች ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ብቻ እየተሰማ መንዳት ነበር። ይህ ረቂቅ የመንገድ ደኅንነት ማመልከቻ ነው። ምልክቱንም ክትባቱንም እደግፋለሁ፤ ግን ለእነሱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ ያንን ጠዋት ከእኛ በቀር የሚጠይቅ የለም። ቢያንስ የቱሉ ዲምቱ ቅርንጫፍ ለሦስት ሰዓት ዝግ እንዲሆን የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመለስ።

ጸሐፊ
ዓረፍተ ነገሩን ለመመለስ የመንገዱ ርዝመትና የዳገቱ ልኬት ያስፈልገኛል፤ ስንት ሰዓት እንደሚበቃን ሳላውቅ ሰዓት መጠየቅ አልችልም። የመንገድ ጥናት ኃላፊው ቃል ከገባ ወዲህ አልጻፈም፤ ስልኩም አይነሣም።

አንጋፋ አባል
ልኬቱ እስኪመጣ ድረስ የደወሉን አንቀጽ እንደገና እንየው። «የታፈነ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ አልተገለጸም።

የጥገና ኃላፊ
ጋሼ፣ እሑድ ጠዋት ይምጡና በጆሮዎ ያዳምጡት።

ገንዘብ ያዥ
ዓርብ አልፏል። ደብዳቤው እስከ ሰኞ ካልተፈረመ የኅዳር ወር ያመልጠናል፤ ለመኪና ኪራይ የተቀመጠውንም ቀብድ ለአባላት እመልሳለሁ።