የማርሽ መብራቱ ሽቦ ከቦቢናው ላይ ይነሣ ወይስ አይነሣ?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። ሞተሩ በደቂቃ የተወሰነ ዙር ላይ ሲደርስ በርቶ ማርሽ የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን የሚያሳይ መብራት በቤቱ የሠራ ሰው፣ ሽቦውን ከቦቢናው፣ ማለትም የባትሪውን ቮልት ከፍ አድርጎ በካንዴላዎቹ ላይ ብልጭታ ከሚፈጥረው የማቀጣጠያ ክፍል ላይ እንዲያነሣ ሊፈቀድለት ይገባል? ስለ ውድድር ሜዳ አንከራከርም። ጥያቄው የሚመለከተው ቤተሰብ ጭኖ በአውራ ጎዳና ላይ የሚሄደውን መኪና ነው።

መካኒኩ፦
አይፈቀድ። ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛዬ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈጥን፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ ሞተሩ ድርግም አለበት። ከነነፍሱ የተረፈው ከፊት የሚመጣው ሹፌር ወደ ጠርዝ ስለወጣለት ነው። ኮፈኑን ስከፍት ባትሪው ደህና፣ ነዳጁ ደህና፣ ካንዴላዎቹ ንጹሕ ናቸው። ቦቢናው ግን እጅ አያስነካም፤ ይፋጃል። ከኔጋቲቭ ጫፉ አንድ ቀጭን ቢጫ ሽቦ ተነሥቶ፣ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ብረት ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ዳሽቦርዱ ይሄዳል። ቀዳዳው ላይ መከላከያ ጎማ የለም። የብረቱ ጠርዝ በንዝረት ልባሱን እንደ መጋዝ በልቶት፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል መዳብ ታበራለች። ያቺ መዳብ ብረቱን በነካች ቁጥር በቦቢናው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አይቋረጥም፤ ካልተቋረጠ ደግሞ ብልጭታ የለም። መብራቱ የተሠራው ሞተሩን ለመጠበቅ ነበር፤ ሞተሩን ያጠፋው ግን እሱ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ ሠሪው፦
ጋሼ፣ የነገሩን ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ለዚያ ሹፌር ደንግጫለሁ። ነገር ግን ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም፤ የሽቦው አዘረጋግ ነው። ያ ሰው ሬዚስተሮቹን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድቡትን ትንንሽ ክፍሎች፣ የት አስቀምጧቸው ነበር? ዳሽቦርዱ ሥር፣ ከመብራቱ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ አይደለም? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሬዚስተሩ ከሽቦው መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ከቦቢናው እስከ ዳሽቦርዱ ያለው ሽቦ በሙሉ እርቃኑን የቆመ የቦቢናው አካል ነው። ከቦቢናው ጫፍ በአራት ጣት ርቀት ውስጥ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ ይበይዱና በሙቀት በሚጨማደድ ቱቦ ይሸፍኗቸው። ከዚያ በኋላ ሽቦው እንዳሉት ተልጦ ብረት ቢነካ ከባትሪው 12 ቮልት የሚያልፈው አንድ ሚሊ አምፔር እንኳ አይሞላም። ሞተሩ መነካቱንም አያውቅም፤ የሚጠፋው መብራቱ ብቻ ነው።

ሁለት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቦቢናው የሚገኘው 12 ቮልት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ኤሌክትሪኩ በተቋረጠባት ቅጽበት ያ ጫፍ 300 እና 400 ቮልት ድረስ ይዘልላል። አንዲት ተራ ትንሽ ሬዚስተር የምትችለው 250 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ጫናውን ለሁለት ማካፈል ይሻላል። ብዙዎቻችን ለዚህ ሥራ የምንጠቀምበት ኤልኤም 2917 የተባለው፣ የዙሩን ምት የሚያነበው ቺፕ ደግሞ ከ 28 ቮልት በላይ እንዲቀበል አልተሠራም፤ ስለዚህ ከመግቢያው ላይ ቮልቱን ቆርጦ የሚያስቀር ዜነር ዳዮድ ያስፈልጋል። የኃይል መስመሩም የራሱ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ይኑረው፤ ፊውዙም ኃይሉ ከሚነሣበት አጠገብ ይሁን። ይህን ያሟላ ሥራ ለምን ይከለከላል?

የውድድር አሽከርካሪዋ፦
ከመከልከሉና ከመፍቀዱ በፊት መብራቱ ለምን እንደሚጠቅም አንርሳ። የዙር ቆጣሪውን መርፌ ለማየት ዓይንን ከመንገዱ መንቀል ግድ ነው። መብራቱ ግን ዓይን ሳይዞር በጎን ይታያል። በእኔ እምነት ይህ በሜዳም በመንገድም ለደኅንነት ይረዳል። የሚያሳዝነኝ ሰዎች መብራቱን ልክ ቀዩ መስመር ላይ፣ ሞተሩ ሊያልፈው በማይገባው ዙር ላይ፣ ማስተካከላቸው ነው። በአንደኛ ማርሽ የሞተሩ የደቂቃ ዙር በየሴኮንዱ በ 3000 የሚጨምር ከሆነ፣ እግሬ ፍሪሲዮኑን እስኪረግጥ በሚያልፈው የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ 600 ዙር ይጨመራል። 6500 ላይ መቀየር የሚፈልግ ሰው መብራቱን 5900 ላይ ያብራ። አምፖሉም ኤልኢዲ ይሁን፤ ባለ ክሩ አምፖል እስኪግል ድረስ ጊዜ ያባክናል።

ጀማሪው፦
እኔ አደጋ ባይደርስብኝም ከተሳሳቱት አንዱ ነኝ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ብልጭታ ይሰጣል ሲባል ሰምቼ፣ መብራቱን በደቂቃ ለ 6000 ዙር በሴኮንድ 200 ምት ላይ አስተካከልሁት። መኪናዬ ግን በየካንዴላው ላይ የራሱ ቦቢና ያለው ነው። የአንዱን ሽቦ ይዤ ብሞክር ብሞክር መብራቱ አልበራ አለ። ይበራል እያልሁ ስረግጥ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ቆረጠው እንጂ ሞተሩን እጎዳው ነበር። ያ አንድ ቦቢና በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሠራ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በ 6000 ዙር 50 ምት ብቻ ማለት ነው። አንዱ ቦቢና ሁለት ካንዴላ በሚያገለግልባቸው መኪኖች ደግሞ 100 ይሆናል አሉኝ። ታዲያ እንደ እኔ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ኮፈን ከፍቶ ሽቦ ቢቀጥል ትክክል ነው ትላላችሁ?

የተሽከርካሪ መርማሪው፦
የወንድማችን ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ሠሪው የተናገረውን አንድም አልቃወምም። እኔ ግን መኪናው ፊቴ ሲቆም የማየው ጥቁር ቱቦ የለበሰ ሽቦ ነው። ውስጡ ሁለት ሬዚስተር ይኑር ወይም ባዶ ይሁን በምን ልለይ? ጥሩውንና መጥፎውን በዓይን መለየት ካልቻልሁ፣ የእኔ ፊርማ ለሚቀጥለው ተሳፋሪ ምን ዋስትና ይሰጣል? ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፦ መብራቱ ይፈቀድ፣ ከቦቢናው ላይ መቀጠሉ ግን ይከልከል። ኮምፒውተር ያላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ለዙር ቆጣሪው የሚልኩት የተለየ ምልክት አላቸው። ከዚያ ላይ የተቀጠለ ሽቦ ብረት ቢነካ በአብዛኛው የሚጠፋው ቆጣሪው ነው፤ ሞተሩ ሥራውን ይቀጥላል።

ኤሌክትሮኒክስ ሠሪው፦
አዲስ መኪና ላለው ሰው እስማማለሁ። ለጀማሪውም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የመኪናው ኮምፒውተር ንባብ የሚገኝበትን የምርመራ ሶኬት ግን አይመካበት፣ በብዙ መኪኖች ንባቡ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚታደስ መብራቱ ዘግይቶ ይበራል። አሮጌውን መኪና ግን ምን ልናደርገው ነው? ኮምፒውተር የለውም፤ የዙር ምልክት የሚገኘው በአብዛኛው ከቦቢናው ነው። ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ዙር ቆጣሪ እንኳ ከዚያው ጫፍ ነው የሚያነበው። ለመለየት የሚቸግርዎ ከሆነ ደግሞ መለኪያ አለ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሽቦውን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው በኦም መለኪያ ይንኩት። 20 ኪሎ ኦም ካነበበ ሬዚስተሮቹ አሉ፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ይቁረጡት። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

መካኒኩ፦
ልጄ፣ ይህ የመጨረሻው ንግግርህ አሳምኖኛል። ኦም መለኪያ እኔም አለኝ፤ ለዚህ አውዬው ግን አላውቅም ነበር። መለኪያው ግን ሬዚስተሮቹ መኖራቸውን እንጂ ያሉበትን ቦታ አይነግረኝም፤ ዳሽቦርዱ ሥር ተቀምጠውም ያው 20 ያነባል። ስለዚህ ቱቦው ግልጽ ይሁን፤ ሬዚስተሮቹን ከቦቢናው ሥር በዓይኔ ልያቸው። መከላከያ ጎማ የሌለው ቀዳዳም ካገኘሁ፣ ሬዚስተር ኖረም አልኖረም መኪናውን አልለቅም።

ኤሌክትሮኒክስ ሠሪው፦
ግልጽ ቱቦ አለ ጋሼ። የራሴንም ነገ ቀይሬ በእሱ አለብሰዋለሁ።

የተሽከርካሪ መርማሪው፦
ለአሮጌዎቹ በዚህ እስማማለሁ። ለአዲሶቹ ግን ከቦቢናው ላይ ይቀጠል የሚለውን አሁንም አልቀበልም።