«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊልም ቢሆን ተዋንያኑ በምን ይመረጡ?

ዘአራት ኪሎ፦

ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለልምምድ ያህል ወደ ፊልም ጽሑፍ መለወጥ ጀምረናል። መጽሐፉ ቀደም ሲል በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መሠራቱን አውቃለሁ፤ ጥያቄዬ ግን ስለዚያ ሥራ አይደለም። ተከታታይ ድራማ ተመልካቹን ከተዋናዩ ፊት ጋር በየጊዜው እያላመደ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ ላይ ያልተዋጠለት ሰው እንኳ ውሎ አድሮ ይዋጥለታል። የሁለት ሰዓት ፊልም ይህ ዕድል የለውም። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ገና ብቅ ሲሉ «እሳቸው ናቸው» ካላሰኘ፣ የቀረውን ጊዜ ተመልካቹ ሲጠራጠር ያሳልፈዋል።

በመካከላችን የተነሣው ክርክር ይህ ነው። አንደኛው ወገን በዛብህና የፊታውራሪ ልጅ ሰብለወንጌል በሕዝብ ዘንድ በታወቁ ተዋንያን መሠራት አለባቸው ይላል፤ ምክንያቱም የዘመኑን ቤት፣ አልባሳትና ፈረስ የሚጠይቅ ፊልም ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ ፖስተሩ ላይ የሚታወቅ ፊት ከሌለ ደፍሮ ገንዘቡን የሚያወጣ ፕሮዲዩሰር አይገኝም። እኔ ያለሁበት ሌላው ወገን ደግሞ ሁለቱ ፍቅረኞች በሌላ ፊልም ሌላ ሰው ሲያፈቅሩ ያላየናቸው አዲስ ፊቶች ቢሆኑ ይሻላል፣ የታወቁት ተዋንያን ለፊታውራሪ፣ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ጥሩአይነትና ለጉዱ ካሣ ይቀመጡ ይላል። ስለ ጉዱ ካሣ ግን እኛው ራሳችንም አልተስማማንም። እናንተ ብትሆኑ በቅድሚያ የምትመለከቱት ምኑን ነው? መልኩን፣ ዕድሜውን፣ ድምፁን ወይስ ስሙን?

አድማጭ፦

ያለ ምንም ማመንታት ድምፁን እላለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ከተረከው ወዲህ፣ አንድም ገጽ ያላነበበ ሰው ሳይቀር ገጸ ባሕርያቱን በጆሮው ያውቃቸዋል። አንድ ሰው ብቻውን የሽማግሌውን መኳንንት ቁጣ፣ የወጣቱን መምህር ዓይን አፋርነት፣ የጉዱ ካሣን ምሬትና ስላቅ እየለያየ ስላቀረበልን፣ በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ተዋንያን ምርጫ ከብዙ ዘመን በፊት አልቋል፤ ዛሬ የሚነሣ አዘጋጅ የሚሠራው ለዚያ ድምፅ አካል መፈለግ ነው።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ለጉዱ ካሣ ሊፈተን የሚመጣው ሰው ሁሉ አውቆም ሆነ ሳያውቅ ወጋየሁን አስመስሎ እንደሚመጣ አትጠራጠሩ። እኔ ብሆን ለፈተና የምሰጠው ካሣ ማኅበረሰቡን የሚተችበትን ረጅም ንግግር አይደለም፤ ያንን ጥሩ ጉሮሮ ያለው ማንኛውም ሰው ያንቆረቁረዋል። ይልቁንም ሌሎቹ ሲያወሩ እሱ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበትን ቦታ መርጬ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ምን እንደሚያደርግ አያለሁ። ካሣ ዳምጤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያይ ሰው ነው፤ «ጉዱ» ያሰኘውም ያየውን ሳይሸሽግ መናገሩ ነው። ሬዲዮው ሊሰጠን ያልቻለው ያንን ዓይን ነውና አዲሱ ተዋናይ የራሱን ሥራ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ፊታውራሪን ለማን ትሰጣለህ ብባል፣ ነፍሱን ይማርና ፍቃዱ ተክለማርያም በሕይወት ቢኖር ኖሮ ክርክርም አያስፈልገንም ነበር።

ወለተ ጎጃም፦

ስለ ጉዱ ካሣ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ድምፅ ብቻውን የዚያን ዘመን ሰው አያደርግም። የመጽሐፉ ሰዎች የሚኖሩት በአካላቸው ሥርዓት ነው፤ ማን ተቀምጦ ማን እንደሚቆም፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ዓይኑን እንደሚሰብር አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በዛብህን ውሰዱ። ፊታውራሪ ፊት የሚቆመው አደግድጎ ነው። የዛሬ ተዋናይ የአልባሳት ባለሙያው ሲያስታጥቀው ያደገድጋል፤ ሆኖም ለመናገር እጁን በዘረጋ ቁጥር ኩታው ይላላበትና በየመካከሉ ሲጎትተው ይታያል። ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክህነትና በጌቶች ደጅ ያደገ ሰው ኩታው እንዳለም አያስታውሰው፤ ጌታው ፊቱን ሲያዞር መልሶ ትከሻው ላይ የሚጥለው ሳያስብ ነው። ይህን ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋል። ስመ ጥሩው ተዋናይ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሥራ ይዞ ስለሚሮጥ፣ ለአዲስ ፊት የማደላው ከዚህ የተነሣ ነው።

የበዛብህ ነገር በዚህ ላይ ሌላም ጭንቅ አለበት። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ታሞ ሳለ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ የድኻ ልጅ ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ የባላባቱ ልጅ የሰብለ መምህር ነው። ተማሪዋ በትውልድ ትበልጠዋለች፣ በትምህርት ይበልጣታል። ስለዚህ እኔ ፈታኝ ብሆን ሁለቱን ተፈታኞች አንድ ዳዊት አስይዤ ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና፣ ጣቷ መስመሩን ስቶ ሲሄድ እንዴት እንደሚያርማት እመለከታለሁ። ጣቷን ይዞ ከመለሰው አላለፈም። በሩቁ በእንጨት ካሳያትና እጁ ጥቂት ከተንቀጠቀጠ ግን በዛብህን አገኘነው ማለት ነው።

ሰብለን በተመለከተ ብዙዎች የሚስቱት ዕድሜዋን ነው። አባቷ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር እያናናቁ ስለመለሱባት፣ በአገሩ ልማድ የማግቢያ ጊዜዋ አልፎ የተቀመጠች ሴት ናት እንጂ ገና የደረሰች ኮረዳ አይደለችም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ቆንጆ ልጅ ፈልጎ ማምጣት ታሪኩን ከመሠረቱ ያፈርሰዋል፤ ምክንያቱም የአባቷ ትዕቢት ያደረሰባት ጉዳት ፊቷ ላይ ካልታየ ከቤት የመጥፋቷ ድፍረት ከየት እንደመጣ አይገባንም። ኋላም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ያን ሁሉ አገር በእግሯ የምታቋርጥ ናት። የተቀነደበ ቅንድብና የተለጠፈ ሽፋሽፍት ይዛ በመነኩሴ ቆብ ሥር የምትታይ ተዋናይት እንዳታሳዩን አደራ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየአስቂኝ ድራማው «የገጠር ሰው አነጋገር» እየተባለ የሚቀርበው ለማሳቅ የተፈጠረ እንጂ ጎጃም ውስጥ ማንም የሚናገረው አይደለም፤ ፊታውራሪ በዚያ ቢናገሩ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ፈተናውን አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከማድረግ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳርም ወርዶ ማየት ይገባል።

ሲኒማ ወዳድ፦

ለጠያቂው ክርክር የሚሆን ጥሩ ማስረጃ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ በተረጎመው የማርጋሬት ሚሼል ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ አለ። መጽሐፉ በ1939 እ.ኤ.አ. ፊልም ሆኖ ሲወጣ፣ ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ሁለቱንም መንገድ ሞክሯል። ለዋናው ወንድ ገጸ ባሕርይ ለሬት በትለር ሕዝቡ ራሱ የመረጠው ክላርክ ጌብል ነበር፤ ተዋናዩ የኤምጂኤም ስለነበረ፣ ስቱዲዮው እሱን ለማዋስና ለፊልሙ ገንዘብ ለመጨመር የማከፋፈል መብቱንና የትርፉን እኩሌታ ወሰደ። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን የምትጫወት ለማግኘት ግን ከሁለት ዓመት በላይ ተፈልጎ፣ በመጨረሻ ሚናው የተሰጠው በአሜሪካ ብዙም ለማትታወቀው እንግሊዛዊት ቪቪየን ሊ ነው። ገንዘቡን ዝነኛው ጎተተ፣ ታሪኩን አዲሷ ተሸከመች። ዘአራት ኪሎ ያቀረበው አከፋፈልም ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ዝናው ለፊታውራሪ ይሁንና ፍቅረኞቹ አዲስ ይሁኑ።

በዚያው ፊልም ውስጥ የዕድሜ ስሕተት ምን እንደሚያደርግም ይታያል። ስካርሌት የምትንገበገብለትን ወጣት አሽሊን የተጫወተው ሌስሊ ሃዋርድ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። በጣም ጥሩ ተዋናይ ነው፤ ሆኖም ይህች ልጅ ምን አይታበት ነው ብዬ ከመጠየቅ አላቆምም።

ከወለተ ጎጃም ጋር የምለያየው በአንድ ነጥብ ነው። የአገሩ ተወላጅ መሆን ያን ያህል ግድ አይመስለኝም። ሉኪኖ ቪስኮንቲ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የሲሲሊ ልዑል ከተጻፈ ልብ ወለድ በሠራው ፊልም፣ ዘመኑ እያለፈበት ያለውን ያን ኩሩ መኳንንት የተጫወተው አሜሪካዊው በርት ላንካስተር ነው። በጣሊያንኛው ቅጂ ድምፁ እንኳ የሌላ ሰው ነው። ቁመናው፣ አረማመዱና ዝምታው ግን ልዑሉን አቁሞታል። ለፊታውራሪ መሸሻም መጀመሪያ የሚፈለገው ያ ቁመና ነው፤ ድምፅ መተካት ይቻላል።

አድማጭ፦

ድምፅ መተካት የሚለውን ለጣሊያኖች እንተወው። ተመልካቻችን ከንፈርና ድምፅ ሲጣረስ የሚታገሠው በትርጉም ፊልም ላይ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ በሰው ድምፅ ሲፎክሩ ቢያይ ግን ከሲኒማ ቤቱ ወጥቶ ይሄዳል።

ዘአራት ኪሎ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዳዊቱን ፈተና በልምምዳችን ላይ በእርግጥ እንሞክረዋለን። አንድ ነገር ብቻ ላስከትል። ከመካከላችን አንዱ፣ ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በአመዛኙ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች መሥራቱን እየጠቀሰ፣ በዚያ ፊልም ውስጥም እብድ እየተባለ እውነቱን የሚናገር ሰው ስላለ፣ ጉዱ ካሣን ተዋናይ ላልሆነ ሰው እንስጠው ይላል። ይህ ያስኬዳል ትላላችሁ?

ወለተ ጎጃም፦

ለጉዱ ካሣ አያስኬድም። ያኛው ሰው የሚናገረው በገበሬ አንደበት ነው፤ ካሣ ግን የተማረ፣ ነገሩን እያመሳጠረ በረጅም ዐረፍተ ነገር የሚያወርድ ሰው ስለሆነ፣ ትንፋሹን መቼ እንደሚሰበስብ የሚያውቅ የመድረክ ተዋናይ ይፈልጋል። ጓደኛችሁ ሐሳቡን ወደ አበጀ በለውና ወደ ተከታዮቹ ቢያዞረው ግን እኔም አብሬው እቆማለሁ። በፊታውራሪ ላይ የተነሡትን ባላገሮች በከተማ አጃቢ ተዋንያን ከመሙላት፣ ቀረጻው በሚካሄድበት ወረዳ ያሉ ገበሬዎችን መቅጠር ይሻላል፤ ዱላ አያያዛቸውን፣ ቁጢጥ ብለው ሲመካከሩ ያላቸውን አቀማመጥ ማንም ሊያስተምራቸው አይገባም። ዝነኛ ተዋናያችሁንም ፊታውራሪ በሚማረኩበት ትዕይንት ቀረጻ ቀን እንጂ ከዚያ በፊት ከእነሱ ጋር አታገናኙት። በቴሌቪዥን የሚያውቁት ሰው ሆኖ ቀድሞ ከተጨባበጣቸውና ፎቶ ከተነሡ፣ ያን ቀን የሚያዩት ፊታውራሪን መሆኑ ይቀራል።