በረንዳ ላይ ሉፕ አንቴና፦ 40 ሜትር ላይ ያስኬዳል ወይስ ልፋት ነው?

በረንዳ_ሬድዮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአማተር ሬድዮ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። የምኖረው አፓርታማ ላይ ነው። ጣሪያው የኔ አይደለም፤ አከራዬም ረጅም ሽቦ ተንጠልጥሎ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ያለችኝ ጠባብ በረንዳ ብቻ ናት።

ከ22 ሚሊሜትር የመዳብ ቱቦ ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ክብ ሉፕ፣ ማለትም የቀለበት ቅርጽ ያለው አንቴና፣ ልሠራ አስቤያለሁ። 20 እና 40 ሜትር ባንድ (በሞገድ ርዝመታቸው የሚጠሩ የሬድዮ ድግግሞሾች) ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ሬድዮዬ እስከ 100 ዋት ይሰጣል። 40 ላይ የምር ይሠራል? ከአሮጌ ሬድዮ የነቀልኩት ባለ ሁለት ክፍል ተዘዋሪ ካፓሲተርስ (ጣቢያ ለመምረጥ የሚዞረው) ይበቃኛል? አንድ ወዳጄ "ትንሽ ሉፕ ማለት ዱሚ ሎድ ነው"፣ ኃይሉን ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል እንጂ አይልክም፣ ብሎኝ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል።

የሽቦ_አባት፦
ወዳጅህ ሉፕ የሞከረው 80 ሜትር ላይ ይሆናል። እዚያ ላይ እውነቱን ነው። 20 ላይ ግን አይደለም።

ቁጥሩን እንየው። ያሰብከው ሉፕ 20 ሜትር ላይ ኃይሉን ወደ አየር የሚያወጣበት ሬዚስታንስ 0.09 ኦም ገደማ ነው። መዳቡ ራሱ የሚበላው ደግሞ 0.045 ኦም አካባቢ። ስለዚህ ከኃይልህ ሁለት ሦስተኛው ይወጣል። ለበረንዳ አንቴና ምን ትፈልጋለህ? 40 ላይ ስትወርድ ግን ያ የመጀመሪያው ቁጥር 16 እጥፍ ይቀንስና 0.006 ኦም ይሆናል። የመዳቡ ኪሳራ 0.03 ላይ ነው። ከ100 ዋት 15 ዋት ቢወጣ ነው። ያም መገጣጠሚያህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። 0.006 ኦም ላይ ቆመህ በብሎን ብቻ የታሰረ፣ ትንሽ የዛገ መገጣጠሚያ ብታስገባ ያችኑ 15 ዋት ይበላብሃል። ሰው ስለ ሉፕ ቅርጽ ሲከራከር ይውላል፤ ክብ ነው፣ ስምንት ማዕዘን ነው እያለ። እኔ መጀመሪያ የማየው ብየዳውን ነው። ቱቦውና ካፓሲተሩ የሚገናኙበትን ሁሉ በሰፊ የመዳብ ቅጠል አያይዘህ በደንብ በይደው።

ካፓሲተሩን በተመለከተ፣ 100 ዋቱን እርሳው። 40 ላይ በ100 ዋት ቀለበቱ ውስጥ 50 አምፒር ይዞራል። ካፓሲተሩ ላይ ከ5,000 ቮልት በላይ ይቆማል። የአሮጌ ሬድዮ ካፓሲተር በሳህኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ለዚህ አልተሠራም፤ ወዲያው ስፓርክ ያደርጋል። በ5 ዋት እንኳ ከ1,200 ቮልት ያልፋል።

አያያዝህም ወሳኝ ነው። የሉፑን ሁለት ጫፍ ከሁለቱ የማይዞሩ ክፍሎች ጋር አገናኝ። የሚዞረውን ዘንግ ከምንም ጋር አታገናኘው። እንዲህ ስታደርግ ሁለቱ ክፍሎች በተከታታይ ይሆናሉ፣ ቮልቴጁን ይካፈሉታል፣ ከረንቱም ዘንጉን በሚያሽ ልል ብረት በኩል አያልፍም። እዚያ ብረት ላይ ነው ብዙ ኃይል የሚቀረው።

ችግሩ ካፓሲታንሱ በግማሽ ይቀንሳል። ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው 365 ፒኮፋራድ ከሆኑ የሚተርፍህ 180 ነው። የ1 ሜትር ሉፕ ደግሞ 7.1 ሜጋኸርዝ ላይ (40 ሜትር ባንድ ማለት ነው) 205 ገደማ ይፈልጋል። አይደርስልህም። ዲያሜትሩን 1.2 ሜትር ብታደርገው ግን 165 አካባቢ ይበቃዋል። በዚያ ላይ 40 ሜትር ላይ የሚወጣልህ ኃይል ከ15 ወደ 24 በመቶ ከፍ ይላል። ዲያሜትሩ ላይ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ጨምረህ ይህን ያህል የምታገኝበት ሌላ ነገር አላውቅም። በረንዳህ ከቻለው አታመንታ።

ምሽት_ሞገድ፦
ጋሼ ስለ መላክ ብለውታል። እኔ ስለ መስማት ልጨምር፣ አፓርታማ ላይ ዋናው ጦርነት እሱ ስለሆነ።

ቻርጀሩ፣ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሉ፣ የጎረቤት ፓወር ሰፕላይ፣ ሁሉም ይጮኻል። ሉፑን ቀጥ አድርገህ አቁመውና በእጅ የሚዞር አድርገው። የቀለበቱ ቀዳዳ ወደ ጩኸቱ ምንጭ ሲያይ ጩኸቱ ድንገት ይወርዳል። ነጥቧ ጠባብ ናት፣ ቀስ ብለህ ፈልጋት። ከሩቅ ከላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ጣቢያ ግን ያን ያህል አያጠፋብህም። እኔ ሉፕ የምወደው ለዚህ ነው እንጂ ለመላክማ ተራ ሽቦ ቦታ ካገኘ ይበልጠዋል።

ሌላው፣ የሚይዘው ባንድ በጣም ጠባብ ነው። 40 ላይ ጥቂት ኪሎኸርዝ ብቻ። መላኪያውን ሳትነካ መጀመሪያ በጆሮህ አስተካክል፤ ካፓሲተሩን ስታዞር ጩኸቱ እምር የሚልባት ቦታ አለች። ከዚያ በትንሽ ኃይል ኤስ.ደብሊው.አር.ህን (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየውን ልኬት፤ ዝቅ ሲል ጥሩ ነው) እያየህ ጨርሰው። ዘንጉ ላይ ረጅም የፕላስቲክ እጀታ ግጠምለት። እጅህ ሲጠጋ ያመጣኸው ቦታ እጅህን ስታነሳ ይሸሻል።

በትንሽ ዋት መጀመር ካለብህ ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር የሚላክ አጭር የዲጂታል መልእክት ዘዴ) ጥሩ መፈተኛ ነው። 14.074 ሜጋኸርዝ (20 ሜትር ባንድ) ላይ ሆነህ ማን እንደሰማህ ታያለህ።

ፌሮ_ጠል፦
የበረንዳው ሐዲድ ብረት ነው? ከሆነ በተቻለህ መጠን አርቀው። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮም ኃይል ይበላል፣ ሬዞናንሱንም (ሉፑ የተቃኘበትን ድግግሞሽ) ያዛባል። ደግሞ ስትልክ ሉፑን እንዳትነካው፣ ያቃጥላል። ቅርብ ያለው የማግኔት ፊልድም ቀላል አይደለም። በ5 ወይም በ10 ዋት ቢሆንም ከጎኑ ተቀምጠህ አትሥራ፤ ልጆች ካሉ በሩን ዝጋ።

በረንዳ_ሬድዮ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሐዲዱ ብረት ነው፣ እንግዲህ ወደ ውስጥ ላስገባው ነው። በ1.2 እሄዳለሁ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ፤ በቱቦ ፈንታ ወፍራም ኮአክሲያል ኬብል ባጥፍስ? ማጣመሙ ይቀለኛል።

የሽቦ_አባት፦
ይሠራል። ከረንቱ የሚሄደው በውጪኛው ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ የተሸረበ ሽቦ ከሆነ ግን ከለስላሳ ቱቦ የበለጠ ይበላል፤ ስለዚህ 20 ላይ እሺ፣ 40 ላይ አልመክርህም። ሽፋኑ ወጥ መዳብ የሆነ ወፍራም ኬብል ካገኘህ ያዘው።

ትልቁ ውስጥ የምትቀመጠውን፣ የሬድዮው ኬብል የሚያያዝባትን መመገቢያ ትንሿን ቀለበት ደግሞ የትልቁን አንድ አምስተኛ አድርጋት፣ 24 ሴንቲሜትር ገደማ። ካፓሲተሩ ከላይ በኩል ከሆነ ትንሿ ከታች ትቀመጥ። ኤስ.ደብሊው.አር. አልወርድ ካለህ ቅርጿን ጨመቅ ወይ ረገብ አድርገህ ሞክር፤ ትልቁን አትንካ።