የውሃችንን ቀናት በወርድ ባር ግራፍ እንዴት ላውጣቸው?

ጠያቂ፦ የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ነርስ ነኝ። የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የፊታችን እሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለን። አጀንዳው ውሃ ነው። ተጨማሪ ሮቶ እንግዛ ወይስ ይቅር፣ ከተገዛስ እያንዳንዱ ቤት ስንት ያዋጣ የሚለውን መወሰን አለብን።

ባለፈው ስብሰባ አንዱ ጎረቤታችን ተነስቶ "ውሃ እኮ በሳምንት ሦስቴ ይመጣል" አለ። ሌላዋ ደግሞ "እኔ ቤት ከመጣ ወር አለፈው" አለች። ሁለቱም አልዋሹም። እሱ ምድር ቤት ነው፣ ግፊቱ ትንሽም ቢሆን ይደርሰዋል። እሷ እንደኔ ላይ ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀን ምንም ሳንወስን ተበተንን።

በማግስቱ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እማማ ጠርተው ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አሳዩኝ። ከመስከረም ጀምሮ የግቢው ቧንቧ ውሃ ያገኘበትን ቀን ሁሉ በእርሳስ ከበውታል። ማንም አላዘዛቸውም። "ልብስ የማጥበው መቼ እንደሆነ እንዳውቅ ብዬ ነው" አሉኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። መስከረም 13 ቀን፣ ጥቅምት 12፣ ኅዳር 10፣ ታኅሣሥ 9፣ ጥር 7፣ የካቲት 6።

ይህን ቁጥር ስብሰባ ላይ ባነበው ከጆሮ አያልፍም። ዓምድ ዓምድ ሆኖ ቢሳል ግን ከወር ወር እየወረደ መሄዱን ሕፃን ልጅም ያየዋል። በወርድ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ግራፍ ሠርቼ አላውቅም፣ ኤክሴልም አልችልም። እዚያው ወርድ ላይ መሥራት ይቻላል ወይ? ላፕቶፔ ላይ ያለው ወርድ 2016 ነው። በጥቁርና ነጭ አሳትሜ ደረጃው መግቢያ ላይ ልለጥፈው አስቤያለሁ። እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አስረዱኝ።


መልስ፦ የፎቶ ኮፒ ቤቷ (የካ አባዶ)

እህቴ፣ በደንብ ይቻላል። እኔ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሠሩ ተማሪዎች ስለሚመጡ ግራፍ ሳልሠራ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ግራፉ እንዲገባ የምትፈልጊበት መስመር ላይ ጠቋሚውን አድርጊ። ከላይ ኢንሰርት፣ ከዚያ ቻርት። ከግራ በኩል የዓይነቶች ዝርዝር ይመጣልሻል። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። እኛ በደፈናው ባር ግራፍ የምንለውን ወርድ ለሁለት ይከፍለዋል። የቆሙትን ዓምዶች "ኮለም" ነው የሚላቸው፣ "ባር" የሚለው የተጋደሙትን ነው። የአንቺ ወራት ስለሆኑ የቆመው ይሻላል። ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ለዓይን ይቀላል። የተጋደመው የሚጠቅመው ረጃጅም ስሞች ሲኖሩሽ ነው፤ ስሙ ሳይጣመም በአንድ መስመር ይነበባል። ስለዚህ ኮለም፣ ከላይ ከተደረደሩት የመጀመሪያውን፣ ኦኬ።

ያላዘዝሽው ግራፍ ብቅ ሲል አትደንግጪ። ሦስት ቀለም ያለው ግራፍና አብራው የምትከፈት ትንሽ ሠንጠረዥ ናት። ካቴጎሪ 1፣ ሲሪስ 1፣ 4.3፣ 2.5 የሚሉ ነገሮች ተጽፈውባታል። ለናሙና የተቀመጡ ናቸው። ካቴጎሪ 1 የሚለው ላይ መስከረም ብለሽ ጻፊ፣ ከሥሩ ጥቅምት እያልሽ ውረጂ። የተዘጋጀልሽ አራት ረድፍ ነው፤ አንቺ ስድስት ወር ስላለሽ ከሥር ቀጥዪበት። ቁጥሮቹን ሲሪስ 1 ሥር አስገቢ። ሲሪስ 1 የሚለውንም ራሱን አጥፍተሽ "ውሃ የመጣበት ቀን" በዪው። ሠንጠረዡን የከበበችው ሰማያዊ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ተከትላሽ ትወርዳለች። ካልወረደች የታችኛውን ጥጓን ይዘሽ እስከ የካቲት ጎትቻት።

ሲሪስ 2ና ሲሪስ 3 አያስፈልጉሽም። ስታጠፊያቸው ግን ቁጥሮቹን ብቻ አታጥፊ። ባዶ ቦታቸው ይቀርና ዓምዶችሽ ወደ ግራ ተገፍተው ቀጥነው ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው "ለምን ተንሻፈፈ?" ብሎ የሚመጣብኝ በዚህ ነው። ከላይ ሲ እና ዲ የሚሉትን ሁለቱን ፊደላት አንድ ላይ ያዣቸው፣ ራይት ክሊክ፣ ዲሊት። ያን ጊዜ ነው ግራፉ የሚስተካከለው።

ጨረስሽ ማለት ነው። ትንሿን ሠንጠረዥ በኤክስ ዝጊያት። በኋላ ቁጥር መቀየር ከፈለግሽ ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ኤዲት ዳታ በዪ፣ ትመለሳለች። ግራፉን ስትነኪ ከቀኙ የመደመር ምልክት ይወጣል፤ እሱን ተጭነሽ ዳታ ሌብልስ ላይ ምልክት አድርጊ፣ ቁጥሩ ከየዓምዱ አናት ላይ ይቀመጣል። ሌጀንድ የሚለውን፣ የትኛው ቀለም ምን እንደሆነ የሚናገረውን ማለቴ ነው፣ አጥፊው፣ አንድ ዓይነት ዓምድ ብቻ ስላለሽ ቦታ ይዞ ነው የሚቀረው። የግድግዳ ስለሆነ ፊደሉን ወደ 14 ከፍ አድርጊው፣ ወረቀቱንም አግድም አዙሪው።

ቻርት ስትዪ የድሮ የሚመስል ሌላ መስኮት ከመጣብሽ ፋይሉ አሮጌ ዶክ ነው ማለት ነው። አናቱ ላይ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ይላል። ፋይል፣ ኢንፎ፣ ኮንቨርት ብለሽ አዲስ ካደረግሽው በኋላ እንደገና ሞክሪ።


መልስ፦ የሊብሬው (ጀሞ)

ወርድ የሌለው ሰው ካነበበው ብዬ ነው። በሊብሬኦፊስ ራይተርም ያው ነው፤ ኢንሰርት፣ ቻርት። የቆሙ ዓምዶች ይዞ ይመጣል። ቁጥሩን ለመቀየር ግራፉን ሁለቴ ንኩትና ራይት ክሊክ፣ ዳታ ቴብል። በነፃ ይወርዳል።


ጠያቂ፦ የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

የካ አባዶዋ እህቴ፣ እድሜ ይስጥሽ። ትናንት ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ እንቅልፌን ትቼ ሠራሁት። ግራፍ ወጣልኝ። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም።

አንደኛ፣ የመስከረም ዓምድ የለም። ቦታው ባዶ ነው። ከሁሉ የሚረዝመው እሱ መሆን ነበረበት። ሁለተኛ፣ የወራቱ ስም አማርኛ አይደለም። የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ነው የሚታየው። የወራቱን ስም የወሰድኩት ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ከተዉልን የቆየ ፋይል ነው። እዚያ ላይ አማርኛው ንጹሕ ነው፤ ግራፉ ውስጥ ስከተው ነው የተበላሸው።


መልስ፦ የፎቶ ኮፒ ቤቷ (የካ አባዶ)

የመስከረሙን ሳላየው ልንገርሽ። "13 ቀን" ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ አይደል? ቁጥሩ ያለበት ሳጥን ውስጥ አንድም ቃል መግባት የለበትም። ቃል ሲገባበት ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ይቆጥረውና ለዓምዱ ዜሮ ይሰጠዋል። ብሩን "500 ብር"፣ ውሃውን "20 ሊትር" ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ይኸው ይገጥመዋል። 13 ብቻ አድርጊው። "ቀን" የሚለው ርዕሱ ላይ ይገባል።

የፊደሉ ነገር የቆየ ችግር ነው። ያ ፋይል የተጻፈው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ቁጥር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ኢትዮጵያዊ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የእኛ ፊደል መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሠራው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፣ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ግራፉ የራሱን ፎንት ሲያለብሰው ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ስለዚህ አትቅጂው። ስድስቱንም ወር በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደ አዲስ ጻፊያቸው፤ ከዚያ ግራፉን ይዘሽ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኤብሪማ አድርጊ። ስታሳትሚ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርገሽ በፍላሽ ውሰጂ። ወርዱን እንዳለ ከወሰድሽው የዚያ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ መልኩ ይለወጥብሻል።


መልስ፦ የሒሳብ መምህር (ሰበታ)

እህቴ፣ የእማማን ካላንደር ሳነብ ልቤ ተነካ። አንድ ነገር ልጨምር።

የቆመ ዓምድ የሚናገረው በቁመቱ ነው። ቁመቱ እውነት የሚናገረው ደግሞ ከዜሮ ሲነሣ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ወርድ ራሱ ዜሮውን ይቆርጠዋል። አንድ ጊዜ የሦስት ክፍል አማካይ ውጤት ሠርቼ ነበር፤ 71፣ 73 እና 74። መስመሩን ከ69 ገደማ ጀመረልኝና 71 ያመጡት ልጆች የወደቁ መሰሉ። ወላጆች ደንግጠው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላየው አላሳትምም። የአንቺ ቁጥሮች የተራራቁ ስለሆኑ ከዜሮ ይነሣል፣ ግን እርግጠኛ ሁኚ። በግራ በኩል ቁጥሮቹን ሁለቴ ንኪያቸው፣ ሚኒመም 0። ማክሲመሙን ደግሞ 30 አድርጊው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ከዓምዱ በላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ውሃ ያልነበረበት ቀን ይሆናል። ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያያል።

ዓመቱን ሙሉ የምትሠሪ ከሆነ ግን ጳጉሜን ከሌሎቹ ጎን አታቁሚያት። 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ናት። ውሃ በየቀኑ ቢመጣ እንኳ ዓምዷ ድንክ ነው፤ ያላወቀ ሰው በጳጉሜን ውሃ ጠፋ ይላል።


ጠያቂ፦ የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። 30 ሳደርገው ባዶው ቦታ እኔንም አስደነገጠኝ። መስከረምም ተመለሰ፣ ፊደሉም ተስተካከለ።

መጀመሪያ ያሳየኋቸው ለእማማ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን የካቲት ላይ አሳረፉ። ብዙ ዝም አሉና "ግማሾቹ የታሉ?" አሉኝ። ካላንደሩን እንደገና አየሁት። ለካ አንዳንዱ ክብ ግማሽ ነው። ሌሊት ብቻ መጥቶ ሳይነጋ የሄደበት ቀን ነው። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ ቆጥሬው ነበር። ለይቼ ስቆጥረው መስከረም ላይ ሙሉው 11፣ ግማሹ 2 ነው። የካቲት ላይ ሙሉው 2 ብቻ፣ ግማሹ 4። ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላ ሰው የሌለበት ቤት የካቲትን በ2 ቀን ነው ያሳለፈው። ይህ ሳይታይ ግራፉን መለጠፍ አልፈልግም። ምን ላድርግ?


መልስ፦ የፎቶ ኮፒ ቤቷ (የካ አባዶ)

እኚህን እናት ሳሚልኝ። ኤዲት ዳታ ግቢ። የመጀመሪያውን "ቀን የመጣ" ብለሽ ሙሉውን ብቻ ጻፊ። ጎኑ ባለው ኮለም "ሌሊት ብቻ" ብለሽ ግማሾቹን አስገቢ። ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ቼንጅ ቻርት ታይፕ፣ ስታክድ ኮለም የሚለውን ምረጪ። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ላይ ይደራረባሉ፣ አጠቃላይ ቁመቱ አይቀየርም። አሁን ሌጀንዱን መልሺው። ጥቁርና ነጭ ሲታተም ሁለቱ ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑብሽ ስለሚችሉ የሌሊቱን ይዘሽ ፎርማት ዳታ ሲሪስ፣ ፊል፣ ፓተርን ፊል ግቢና ሰያፍ መስመር ያለውን አልብሺው። የቀኑ ድፍን ጥቁር ይሁን። ጥቁሩ ላይ ያለው ቁጥር እንዲነበብ ፊደሉን ነጭ አድርጊው።


ጠያቂ፦ የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

ሠራሁት። ጥቁሩ ከወር ወር እያጠረ፣ ሰያፉ ከላዩ እየወፈረ ሲሄድ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ቅጂ አሳትሜ ለእማማ ወሰድኩላቸው። ካላንደሩን ከግድግዳው አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉና እያንዳንዱን ወር አንድ በአንድ አመሳከሩት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ክብ ዘልዬ ነበር፤ 9 ሳይሆን 10 ነው። ተመልሼ ኤዲት ዳታ ገባሁ፣ የታኅሣሥን ሙሉ ቀን ከ5 ወደ 6 ቀየርኩ፣ እንደገና አሳተምኩ። አሁን ደረጃው መግቢያ ላይ ተለጥፏል።